የድምፅ ጥያቄዎቻችሁ፦ ከስፒከሩ ተርፎ ለገመድ ስንት ብር ይመደብ?

በዚህ ወር ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ገመድ ናቸው፣ ስለዚህ ሌላውን ለሚቀጥለው አሳድሬ እነሱን ብቻ ሰብስቤ መልሻለሁ። ብዙ ብር ያለቦታው እየወጣ ያለበት ጉዳይ ስለሆነ የመጀመሪያውን ሰፋ አድርጌዋለሁ፣ ሌሎቻችሁም እሱን አንብቡት፣ ሂሳቡ ለሁላችሁም ይሠራል።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ)

ሰላም ወንድሜ፣ መምህር ነኝ። ዕቁብ ደርሶኝ አምፕሊፋየርና ሁለት ባለ 6 ኦም ስፒከር በ38,000 ብር ገዛሁ፣ ለገመድ ብዬ ያስቀረሁት ደሞ 6,000 ብር አለኝ። አንዱ ሱቅ በካርቶን የታሸገ ወፍራም የስፒከር ገመድ 4,500 ብር ነው አለኝ፣ ይሄን ካልገዛህ ስፒከሩን ባትገዛው ይሻል ነበር ሁሉ ብሎኛል። ሌላው ሱቅ ደሞ ባለሁለት ኮር 1.5 ፍሌክሲብል ገመድ በሜትር 120 ብር አሳየኝ። አንድ ጓደኛዬ ከጠቅላላው ወጪ አስር ፐርሰንቱ ለገመድ ነው ይላል። ሳሎኔ 4 በ5 ነው፣ አምፑ ካለበት ግራው ስፒከር 2 ሜትር ቀኙ 4 ሜትር ይርቃል። የቱን ልግዛ?

መልስ

ወንድሜ እንኳን ደስ ያለህ። የ120 ብሩን ግዛ። ለምን እንደሆነ ደሞ ልንገርህ፣ ምክንያቱን ካወቅከው ሌላ ጊዜ የትኛውም ሱቅ ብትገባ አትደናገርም።

የስፒከር ገመድ ሥራው ከአምፑ የወጣውን ከረንት ሳይቀንስ ስፒከሩ ጋ ማድረስ ነው፣ በቃ። ሚቀንስበት ሬዚስታንሱ (ከረንቱን ሚያግደው ነገር፣ በኦም ይለካል) ሲሆን እሱ ደሞ በሦስት ነገር ይወሰናል፣ በርዝመቱ፣ በውፍረቱ እና በተሠራበት ብረት። ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ስኩዌር የሆነ ንፁህ መዳብ በ1 ሜትር 0.017 ኦም አካባቢ ነው። ከረንቱ ሄዶ ስለሚመለስ ርዝመቱን በሁለት አባዛው፣ ያንተ ቀኝ ስፒከር 4 ሜትር ነው፣ ደርሶ መልሱ 8 ሜትር ሆነ ማለት ነው። 8 በ0.017 ሲባዛ 0.136፣ እሱን ለገመዱ ውፍረት ለ1.5 ስታካፍለው 0.09 ኦም ይመጣልሃል። የሙያው ሰዎች ሚይዙት ወሰን የገመዱ ሬዚስታንስ ከስፒከሩ ኦም 5 ፐርሰንት እንዳያልፍ ነው፣ የ6 ኦም 5 ፐርሰንት ደሞ 0.3 ኦም ነው። ስለዚህ 0.09ኙ የተፈቀደልህን ሲሶ እንኳን አይሞላም፣ የሚጠፋው ድምፅ ከ0.15 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) በታች ነው። በጥሞና የሚያዳምጥ ሰው ግማሽ ዲሲቤል ለመለየት ይቸገራል።

አሁን ወደ 4,500 ብሩ ገመድ ተመለስ። የፈለገውን ያህል ይወፍር፣ በወርቅ ይለበጥ፣ ካንተ ሳሎን ውስጥ ሊያተርፍልህ ሚችለው ያችኑ ከ0.15 በታች የሆነችውን ነው፣ ከዛ በላይ የጠፋ ነገር ስለሌለ ሚመልሰው ነገርም የለም። ባለሱቁ ስፒከሩን ባትገዛው ይሻል ነበር ያለህ ከእውነት የራቀ ነው፣ ልብህን እንዳያሸብረው።

የጓደኛህ አስር ፐርሰንትም ብዙ ቦታ ይባላል ግን ከምንም ሂሳብ አይነሳም። ገመድ ሚሰላው በሜትርና በኦም ነው። ነገ አምላክ ረድቶህ 200,000 ብር ስፒከር ብታመጣ ሳሎኑ ያው ሳሎን ነው፣ 4 ሜትሩ 4 ሜትር ነው፣ ኦሙ 6 ከሆነ ያው 1.5 ገመድ ይበቃዋል። በተቃራኒው ደሞ ርካሽ ስፒከር ገዝቶ 20 ሜትር ሚስብ ሰው ከዋጋው አንፃር ሲታይ ብዙ ፐርሰንት ለገመድ ሊያወጣ ይችላል፣ እሱም ልክ ነው። ስለዚህ በጀት ከማውጣትህ በፊት ሜትር ይዘህ ለካ፣ ገመዱ በግድግዳው ሥር ዞሮ ሚሄድበትን እንጂ በአየር ላይ ያለውን ርቀት አይደለም፣ ለመጠምዘዣና ስፒከሩን ለማንቀሳቀስ ትንሽ ጨምርበት። ላንተ 2 እና 4 ስድስት ነው (ባለሁለት ኮር ስለሆነ መሄጃውም መመለሻውም አንዱ ገመድ ውስጥ አለ)፣ 2 ሜትር መጠባበቂያ ሲታከል 8 ሜትር፣ 960 ብር። አለቀ።

ብዙ ሰው ሚሸወደው ግን ሌላ ቦታ ነው፣ 1.5 መዳብ ተብሎ የተሸጠለት ነገር እውነት 1.5 መዳብ ነው ወይ የሚለው ላይ። ገበያው ውስጥ ላዩን መዳብ የለበሰ ውስጡ አልሙኒየም የሆነ ሽቦ ሞልቷል፣ ሲያዩት ቀይ ነው፣ ሲነኩት ያው ነው፣ ግን ሬዚስታንሱ በተመሳሳይ ውፍረት ከንፁህ መዳብ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው፣ ሲተጣጠፍ ቶሎ ይሰበራል፣ ማሰሪያው ላይም ከጊዜ ብዛት ይላላል። ስለዚህ ሱቅ ስትሄድ ምላጭ ያዝ። ከጥቅሉ ጫፍ ላይ ላስቲኩን ሽቦው በጣት እስኪያዝ ያህል ላጥ አድርገውና ከውስጥ ካሉት ፀጉር መሳይ ሽቦዎች አንዷን ለይተህ በምላጩ ፋቅ ፋቅ አድርጋት፣ መዳብ ከሆነች ብትፍቃትም ብትፍቃትም ቀይ ናት፣ ካልሆነች ከሥሯ ነጭ ብር መሳይ ነገር ብቅ ይላል። እዛው ባለሱቁ ፊት አድርገው፣ መዳብ ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው ሊከፋው አይገባም። ክብደቱንም በእጅህ ሞክረው፣ መዳብ ከአልሙኒየም ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ እኩል ርዝመት ያላቸውን ሁለት ጥቅሎች በሁለት እጅህ ብትይዛቸው ልዩነቱ ወዲያው ይታወቅሃል። ሌላው ማታለያ ላስቲኩን አወፍሮ ሽቦውን ማቅጠን ነው፣ ስለዚህ ከላይ ያለውን ውፍረት ሳይሆን የተላጠውን ጫፍ ተመልከት። ከተማው ውስጥ ንፁህ መዳብ አጣሁ ካልክ ደሞ አትጨነቅ፣ አልሙኒየም ያለበትንም ቢሆን አንድ ደረጃ አወፍረህ 2.5 ውሰድ፣ ለ4 ሜትር ይበቃሃል፣ ብቻ በመዳብ ዋጋ እንዳትገዛው።

ስታገናኝ አምፑን አጥፋ፣ ሶኬቱንም ንቀል። ጫፉን 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ላጥና ሽቦዎቹን በጣትህ አጥብቀህ ጠምዝዛቸው፣ አንዲት ፀጉር እንኳን ከቀዳዳው ውጪ እንዳትቀር፣ ምክንያቱም የቀዩ ፀጉር ጥቁሩን ከነካ ሾርት ነው፣ አምፑን ሊያቃጥለው ይችላል። ይሄ ላይ 5 ደቂቃ ማጥፋት ካርቶን ውስጥ ካለው ገመድ ሁሉ ይበልጣል። ባናና ፕላግ ሚሉትን ከፈለግክ ግዛ፣ ለመሰካትና ለመንቀል ይመቻል እንጂ ድምፅ አይጨምርም።

ቀይ ከቀይ ጥቁር ከጥቁር መግባቱንም እይ፣ በሁለቱም ስፒከር። ገመዱ ላይ አንደኛው ኮር መስመር ወይ ፅሁፍ ስላለበት እሱን ቀይ ነው ብለህ ያዝና እስከ መጨረሻው እሱኑ ተከተል። አንዱ ስፒከር ላይ ቀይና ጥቁሩ ከተገለበጠ ቤዙ ይሳሳል፣ መሀል ላይ መሰማት ያለበት የዘፋኙ ድምፅም ቦታ አጥቶ ይበተናል፣ ሰው ይሄን ሰምቶ ገመዱ ርካሽ ስለሆነ ነው ብሎ ሌላ ገመድ ይገዛል። ገመዱ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ የቱ የቱ እንደሆነ ከጠፋህ በ1.5 ቮልት የሪሞት ባትሪ ማወቅ ትችላለህ፦ ገመዱን ከአምፑ ንቀለውና ሁለቱን ጫፎች ባትሪው ላይ ለቅፅበት ነካ አድርጋቸው፣ ሌላ ሰው ስፒከሩን ይመልከት፣ የባትሪው ፖዘቲቭ ወደ ቀዩ የሄደ ከሆነ የስፒከሩ ሆድ ወደ ውጪ ወጣ ይላል፣ ከተገለበጠ ወደ ውስጥ ይገባል።

ከ6,000ው 960 ወጣ፣ አንድ ደህና ቀይና ነጭ ኬብል (ከቲቪ ወይ ከሪሲቨር ድምፅ ወደ አምፑ ሚያመጣውን) ጨምርበት፣ ሌላው የት ይግባ ካልከኝ ሁለት ቦታ እነግርሃለሁ። የመጀመሪያው መብራቱ ነው። የኛ መብራት 220 ቮልት ነው ይባላል እንጂ ሄዶ ሲመለስ ምን ያህል ሆኖ እንደሚመጣ ታውቃለህ፣ 38,000 ብር ያወጣህበትን እቃ ከዛ ሚጠብቅ ጥሩ ስታቢላይዘር ወይ መከላከያ ያለው ማከፋፈያ ከማንኛውም ገመድ ይቀድማል፣ መብራት ሲሄድም ሶኬቱን የመንቀል ልማድ ይኑርህ። በተለይ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር ከወረደ በኋላ ከውጪ ሚመጣ እቃ የተቃጠለበት ሰው መተኪያውን በድሮው ዋጋ አያገኘውም።

ሁለተኛው ሳሎንህ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ያሉ አዳዲስ ቤቶች ሲሚንቶ ወለል ወይ ሴራሚክ፣ ባዶ የተለሰነ ግድግዳ፣ ትልቅ መስታወት ናቸው፣ ድምፁ እየተንጫጫ ይመለሳል። መሀል ቆመህ አንዴ አጨብጭብ፣ ከጭብጨባው ኋላ ጭርርር የሚል ነገር ከተከተለ እሱን ምንም ገመድ አይፈታውም። ወለሉ ላይ ምንጣፍ አድርግ፣ ከተቀመጥክበት ኋላ ያለው ግድግዳ ላይ ደሞ አንድ ወፍራም የመንዝ ባና ወይ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ስቀል፣ የበግ ፀጉር የመሀሉንና የቀጭኑን ድምፅ በደንብ ይውጣል፣ ግድግዳው ላይ ሳትለጥፈው አራት ጣት ያህል ካራቅከው ደሞ የበለጠ። ስፒከሮቹንም ከግድግዳው ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት አምጣቸው። ይሄን አድርገህ መሰንቆ ያለበት ሙዚቃ ክፈትና ጭራው ክሩ ላይ ሲሄድ አዳምጠው፣ ለውጡ በጆሮህ ሚሰማ ነው፣ የሚስቴ ጆሮ ይሰማዋል ወይ ብለህ ሳታስጠይቅ እሷው ትነግርሃለች።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)

የዲሽ ሪሲቨሬን በቀይና ነጩ ኬብል ከአምፕ ጋር ሳገናኘው ከሙዚቃው ሥር እምምም የሚል አለ፣ ቮሊዩም ስጨምር አብሮ ይጨምራል፣ ወደ ብሉቱዝ ስቀይረው ግን ፀጥ ይላል። ባለሱቁ ኦሪጅናል ኬብል ግዛ ብሎኝ ገዛሁ፣ ያው ነው። አሁን ደሞ የአምፑን የኤርዝ መስመር ቁረጠውና ይጠፋል የሚሉኝ ሰዎች አሉ፣ ልቁረጠው?

መልስ

አትቁረጠው! በምንም አይነት። ያ መስመር አምፑ ውስጥ የሆነ ነገር ቢበላሽና ከረንቱ ቆርቆሮው ላይ ቢወጣ አንተን ወይ ልጆችህን ሳይሆን መሬትን እንዲያገኝ የተቀመጠ ነው። እምምታ ለማጥፋት ተብሎ ሕይወት አይያዝም።

ብሉቱዝ ላይ ፀጥ ማለቱን መንገርህ ጥሩ ነው፣ አምፑና ስፒከሩ ደህና መሆናቸውን ስለሚያሳይ። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ ምትሰማው እምምታም የሱ ነው፣ እና ብዙ ጊዜ ሚገባው ሁለት እቃዎች በሁለት የተለያየ መንገድ መሬት ሲያገኙ ነው። አምፑ በሶኬቱ ኤርዝ አግኝቷል፣ ሪሲቨሩ ደሞ በዲሹ ገመድ ልባስ (ከላስቲኩ ሥር ዙሪያውን በሸፈነው ሽቦ) በኩል ጣራው ላይ ካለው ብረት ጋር ተያይዟል፣ ቀይና ነጩ ኬብል ሁለቱን ሲያገናኛቸው ክብ ተሠራና ትንሽ ከረንት መዞር ይጀምራል። ለማረጋገጥ ሪሲቨሩ እየሠራ እያለ የዲሹን ገመድ ከኋላው ፈትተህ አውጣው፣ ምስሉ ይጠፋል፣ እሱን ተወው፣ እምምታው አብሮ ከጠፋ ተገኘ ማለት ነው።

ከዛ መጀመሪያ ብር ማያስወጣውን ሞክር፣ አምፑን ሪሲቨሩንና ቲቪውን በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካቸው። ካልተሻለው ሪሲቨርህና አምፕህ ላይ ኦፕቲካል ቀዳዳ አለ ወይ ብለህ እይ፣ ሪሲቨሩ ሲከፈት እሱ ላይ ቀይ ብርሃን ሚታይበት ካሬ ነገር፣ ቶሺባ በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። በሱ ሚያልፈው ብርሃን ስለሆነ በብረት ሚገናኝ ነገር የለም፣ ክቡ ይበጠሳል። እሱም ከሌለ ግራውንድ አይሶሌተር ሚባል ትንሽ ሳጥን አለ፣ ውስጡ ትናንሽ ትራንስፎርመሮች ናቸው፣ በቀይና ነጩ ኬብል መሀል ይገባል፣ ቤዙ ትንሽ ሊቀንስ ይችላል ግን ከእምምታው ይሻላል።

የዲሹን ገመድ ስትነቅል እምምታው ካልጠፋ ደሞ ኬብሉ የት እንደሚያልፍ ተመልከት። ሪሲቨር አምፕ ስታቢላይዘር ሁሉም ተደራርበው ኬብሉ ከመብራት ገመድ ጋር አብሮ የተጠቀለለ ከሆነ ለያያቸው፣ መሻገር ካለባቸው እንደ መስቀል ይሻገሩ እንጂ ጎን ለጎን አይሂዱ፣ ስታቢላይዘሩንም ከአምፑ ራቅ አድርገው። ቀይና ነጩ ኬብል ላይ ትንሽ ብር መጨመር ዋጋ አለው ምለው እዚህ ጋ ነው፣ ውስጡ ያለው ሲግናል ደካማ ስለሆነ ዙሪያውን በደንብ የተሸመነ ልባስ ያስፈልገዋል፣ በነፃ ከእቃው ጋር ሚመጡት ቀጫጭኖች ላይ ልባሱ ጥቂት ሽቦ ብቻ ነው። የሚያስፈልግህን ያህል አጭር ግዛ፣ 1 ሜትር ሚበቃ ከሆነ 5 ሜትር ገዝቶ መጠቅለል ጥሩ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ክረምት ላይ መብረቅ ሲበዛ የመብራቱን ሶኬት ብቻ ሳይሆን የዲሹንም ገመድ ከሪሲቨሩ ፍታው፣ በሱ በኩል ገብቶ ሁሉንም ሊያቃጥል ይችላል።

ጥያቄ (ከዓለም ከተማ)

ቲቪዬን ከሳውንድ ባር ጋር በኤችዲኤምአይ ላገናኘው ነው፣ አንዱ ኬብል ከሌላው አምስት እጥፍ ይወደዳል፣ ድምፁ ይሻላል?

መልስ

አይሻልም። በዚህ ኬብል ሚሄደው ቁጥር ነው፣ ወይ በትክክል ይደርሳል ወይ ይቆራረጣል፣ ቁጥሩ ከደረሰ በርካሹም በውዱም ድምፁ አንድ ነው። እስከ 2 ሜትር ባለው ርቀት መካከለኛ ዋጋ ያለው ይበቃሃል። ከኬብሉ ይልቅ ቀዳዳውን ተጠንቀቅ፣ ቲቪው ላይ ኤአርሲ ተብሎ የተጻፈበት አንድ ቀዳዳ አለ፣ ከቲቪው ወደ ሳውንድ ባር ድምፅ ሚወጣው በሱ ብቻ ነው፣ ይሄ ነገር ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጣ ስለሆነ በጣም የቆየ ቲቪ ላይ ላታገኘው ትችላለህ። ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰክተው ድምፅ እምቢ ሲላቸው ኬብል ሚቀይሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሰቲንግ ውስጥ ገብተህም የድምፅ መውጫውን ወደ ኤአርሲ ቀይረው።

ጥያቄ (ከመንዝ፣ መሐል ሜዳ)

ልጄ እንደምን ከረምህ። እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ሳሎን ያለው አምፕ የኋላው ቤት ድረስ አንድ ስፒከር እንዲያሰማልኝ ፈልጌ ነበር፣ እንግዳ ሲመጣና ማኅበር ሲኖር እዚያ ስለምንቀመጥ ነው። ርቀቱ 25 ሜትር ይሆናል፣ ስፒከሩ 8 ኦም ይላል። ቤት ሲሠራ የተረፈ 1.5 የመብራት ሽቦ አለኝ፣ ይሆናል ወይስ ልዩ ገመድ ልግዛ? አይጥም ያስቸግረናል።

መልስ

አባቴ እንደምን ከረሙ። ልዩ ገመድ አያስፈልግዎትም፣ የመብራት ሽቦ መዳብ እስከሆነ ድረስ ለስፒከርም መዳብ ነው። ያለዎት 1.5 ግን ለዚህ ርቀት ይቀጥናል። 25 ሜትር ደርሶ መልሱ 50 ሜትር ነው፣ በ1.5 ሲሰላ 0.57 ኦም ይመጣል፣ የ8 ኦም 5 ፐርሰንት ደግሞ 0.4 ነው፣ አልፏል። በ2.5 ቢሆን 0.34 ስለሆነ ወሰኑ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ 2.5 ይግዙ። ወይም አዲስ ማውጣት ካልፈለጉ ያለዎትን 1.5 ለእያንዳንዱ መስመር ሁለት ሁለቱን ደርበው በጫፍና በጫፍ ቢያስሩት 3 ሆነ ማለት ነው፣ 0.28 ኦም ይመጣል፣ ሽቦው ከበቃዎት በነፃ ጨረሱ። ድፍን የሆነው ሽቦ ቤት ውስጥ ለተገተረ መስመር ምንም ችግር የለበትም፣ ፍሌክሲብሉ ሚፈለገው ለሚንቀሳቀስ ነገር ነው።

ለአይጡ መፍትሄው ኮንዱይት ነው፣ ከዳር እስከ ዳር በቱቦ ውስጥ ያስገቡት፣ አጥር ሥር ወይም መሬት ውስጥ የሚያልፈውንም ጭምር፣ ሁለቱን የቱቦ አፎችም ይድፈኗቸው። እባክዎን ግን ከመብራት መስመር ጋር በአንድ ቱቦ እንዳይገባ ለሚሠራው ልጅ ይንገሩት፣ አንዱ ሽቦ ቢላጥ 220 ቮልት ወደ አምፑና ስፒከሩ ይመጣል። የስፒከሩ መስመር መሆኑን የሚያሳይ ምልክትም በሁለቱ ጫፍ ያስጽፉበት፣ ነገ ሌላ ሠራተኛ መብራት ነው ብሎ እንዳያገናኘው።

ሁለት ነገር ደግሞ ከገመዱ በፊት ይታይ። አንደኛ፣ ይኼ አዲሱ ስፒከር ሳሎን ካለው አንዱ ጋር በአንድ መውጫ ላይ የሚደረብ ከሆነ 8 እና 8 ተደርበው 4 ኦም ይሆናሉ፣ አምፑ ከኋላው ላይ ከ4 ኦም ጀምሮ ይችላል ብሎ ካልተጻፈበት ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ለሁለተኛ ስፒከር የተዘጋጀ መውጫ ያለው አምፕ ቢሆንም እዚያው የተጻፈውን ኦም ያስነብቡ። ሁለተኛ፣ አንድ ስፒከር ብቻ ወደ ኋላ ቤት ከሄደ የግራውን ወይም የቀኙን ብቻ ነው ሚያሰማው፣ ዜናና ንግግር ከሆነ ግድ የለም፣ ዘፈን ሲሆን ግን ግማሹ መሣሪያ ሊጎድል ይችላል። አምፑ ላይ ሞኖ የሚል ማብሪያ (ግራና ቀኙን የሚቀላቅል) ካለ ማኅበር ሲኖር እሱን ይጫኑት።

ጥያቄ (ከፍቼ እና ከአረርቲ፣ ሁለት ጥያቄ ስለሚቀራረብ አንድ ላይ)

ገመዱ ላይ ያለው ቀስት በትክክል ካልዞረ ድምፁ ይበላሻል? የግራና የቀኝስ ርዝመት እኩል መሆን አለበት ወይ? ያገለገለ ገመድ መግዛትስ ችግር አለው?

መልስ

ስፒከር ገመድ ውስጥ ከረንቱ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ሚመላለስ ስለሆነ ቀስቱ ለድምፁ ምንም አያደርግለትም። አንዳንድ ቀይና ነጭ ኬብሎች ላይ ግን ልባሱ በአንድ ጫፍ ብቻ የተገናኘ ሊሆን ስለሚችል እነሱን ቀስቱ እንዳለው አድርጓቸው። ርዝመቱ በ2 እና በ3 ሜትር ቢበላለጥ ጆሮ ሚደርስበት ልዩነት የለም፣ ለአጭሩ ስፒከር ሲባል ትርፍ ሜትር ገዝቶ ከኋላ መጠቅለል ብር ማባከን ነው። ያገለገለው ችግር የለውም፣ ምናለሽ ተራ ላይ ጥሩ መዳብ ከአዲሱ በርካሽ ሊገኝ ይችላል፣ ብቻ የተላጠው ጫፍ ላይ አረንጓዴ ዝገት ካለ እሱን ቆርጣችሁ ጣሉና ከውስጥ ንፁህ እስኪወጣ ላጡት፣ መሀል ላይ በናስትሮ የተቀጠለ ቦታ ካለው ግን ተዉት።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)

ሰላም፣ ተማሪ ነኝ። ከስልኬ ወደ ትንሽ ስፒከር ምሰካው የኦክስ ገመድ በየጊዜው በአንድ ጎን ብቻ ያሰማል። አሁን በወርቅ የተለበጠ ጃክ ያለው አለ ብለው ዋጋው እጥፍ ነው አሉኝ። ልጨምር ወይስ በቃ ብሉቱዝ ልጠቀም?

መልስ

እህቴ፣ ወርቁ ድምፅ አይጨምርም፣ ግን አይዝግም፣ እሱ እውነት ነው። ደብረ ሲና ደሞ የጣርማ በር ጉም ወርዶ ከተማውን ሲሸፍነው እቃው ሁሉ እርጥብ ስለሚሆን ርካሹ ጃክ ቶሎ ሊጠቁር ይችላል፣ ስለዚህ እጥፍ ማለት ከ100 ወደ 200 ብር ዓይነት ነገር ከሆነ ጨምሪ፣ ከዛ ካለፈ አትጨምሪ፣ ያለሽን ጃክ በአልኮል በነካካሽው ጨርቅ መወልወል ይበቃል።

በአንድ ጎን ብቻ ማሰማቱ ግን ከወርቁ ጋር አይገናኝም። ገመዱ ከጃኩ ጋር ሚገናኝበት አንገቱ ላይ ውስጡ ያለው ፀጉር ሽቦ ስለተበጠሰ ነው፣ አንገቱን በጣትሽ ወዲያ ወዲህ ስታደርጊው ድምፁ ሚሄድ ሚመጣ ከሆነ በቃ እሱ ነው። ስትገዢ አንገቱ ላይ ሚለመጥ ረዘም ያለ ላስቲክ ያለውን ምረጪ፣ ወይ ጃኩ የሰውነቱ ክፍል ሚፈታውን፣ እሱ ሲበጠስ ቆርጦ እንደገና በሶልደር መበየድ ይቻላል፣ ስልክ ሚጠግኑ ልጆች በትንሽ ብር ይሠሩታል። ርዝመቱ 1 ሜትር ወይ 1.5 ይበቃሻል።

ብሉቱዙም ጥሩ ነው፣ ለትንሽ ስፒከር የድምፅ ልዩነቱ ብዙም አይሰማሽም፣ ገመዱ ሚሻለው ባትሪ ስለሚቆጥብና ቪዲዮ ስታዪ የከንፈሩና የድምፁ መዘግየት ስለማይኖር ነው። በገመድ ስትሰሚ የስልኩን ቮሊዩም ወደ ላይ፣ ወደ መጨረሻው ቀረብ አድርጊና ማስተካከያውን ስፒከሩ ላይ ተጠቀሚ፣ ተገላቢጦሹ ሲሆን ነው ሽሽሽ የሚለው ድምፅ ሚበዛው። ስትነቅዪ ደሞ ገመዱን አትሳቢው፣ ጃኩን ራሱን ይዘሽ አውጪው።